ስለ ትሕትና፤ ከምድር የወጣ ቃል

በላቲን ቋንቋ «ሁሚሊስ» የሚባል ቅጽል አለ። የወጣውም «ሁሙስ» ከሚለው ስም ነው፤ ይኸውም ምድር፣ አፈር ማለት ነው። ስለዚህ ቅጽሉ በቁሙ ሲተረጐም ከምድር ያልራቀ፣ ዝቅ ያለ ማለት ይሆናል። አንድም ቁመቱ ላጠረ ተክልና ለዝቅተኛ ስፍራ ይነገራል፤ አንድም በትውልድ ወይም በማዕረግ የተናቀ ሰው ይጠራበታል። የጥንት ሮማውያን ክብርን አጥብቀው ይሹ ስለ ነበር ቃሉን አብዝተው ለንቀት ያውሉት ነበር። ክርስቲያኖች ግን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን አስበው የንቀቱን ቃል የምግባር ስም አደረጉት። በግእዝም «ትሑት» የሚለው ቅጽል «ታሕት» ከሚለው ጋር ዘሩ አንድ ነው።

ነገር ግን ታች መሆን ሁሉ ትሕትና አይደለም። ሌላው የጣለው ሰው ተዋረደ ይባላል እንጂ ትሑት አይባልም፤ ስለ ጥቅሙ በባለጸጋ ፊት የሚያጐነብስም አድር ባይ ነው። ትሑት የሚባለው ቆሞ ለመኖር ሲችል ስለ ወንድሙ ወዶ የወረደ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር በአርባ ምንጭ ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥፋት ከተገደሉትና ከተፈናቀሉት መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ይህ በተሰማ ጊዜ በአርባ ምንጭ የወጣቶች ቍጣ ነድዶ ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እንደ አባቶቻቸው ሥርዓት እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ በጋሞ ዘንድ ታላቅ ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ፤ በደል የሌለባቸውም ሰዎች ከጥፋት ዳኑ።

ልብ እንበል፤ የተንበረከኩት በዕድሜም በክብርም የሚበልጡት ናቸው። አባት በልጁ ፊት ወደ ምድር በመውረዱ ክብሩ አልጐደለም፤ እንዲያውም በዚያ ጊዜ ታወቀ። ቍጣን በቍጣ ቢገጥሙት ኖሮ እሳቱ ይበረታ ነበር። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮችም የሚፈልቁት ከተራራው ግርጌ ነው፤ ውሃ የሚሻ ሰው ወደ ታች ይወርዳል።

እንግዲህ እኛ ካህናትና ምእመናን በስግደት ጊዜ ግንባራችን የተፈጠርንበትን አፈር ሲነካ ይህን እናስብ። በምድር ላይ ወድቀን ከተነሣን በኋላ የተጣላነውን ወንድማችንን «አስቀድሞ እርሱ ይምጣ» ብንል ስግደታችን ከጕልበት አላለፈም። ይልቁንም ታላቁ ይቅደም፤ መምህሩ ወደ ተማሪው፣ አባት ወደ ልጁ ለዕርቅ ይሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።