«ገና ሲደርስ ሆዴ ይባባል»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው እነዋሪ ነው። የበኩር ልጄ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ድምፁን ከሰማሁም ቆየሁ። ጾመ ነቢያትን እጾማለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀርም። ገና ሲደርስ ግን ሆዴ ይባባል። ጎረቤቱ ሰንጋ ጥሎ ቅርጫ ሲከፋፈል፣ ልጆቹ ገና ሲጫወቱ ሳይ እንባዬ ይቀድመኛል። «በጌታ ልደት ማልቀስ እምነት ማጣት ነው» ይሉኛል። ደስ ሳይለኝ በዓሉን ማክበሬ ግብዝነት ይሆንብኝ ይሆን? ተስፋስ የሚደረገው እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማልቀስዎ ኃጢአት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 29 ልደትን አክብራ፣ ጥር 3 ደግሞ ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት ታስባለች። በመካከሉ ሳምንት እንኳ የለም። ማቴዎስም የሰብአ ሰገልን ደስታ በጻፈበት ምዕራፍ ውስጥ፣ ለልጆቿ አልቅሳ አልጽናና ያለችውን የራሔልን ነገር አስገብቶታል። ወንጌላዊው ያልደበቀውን የእናት እንባ ጎረቤት ደብቂ ሊል አይገባውም።

ታዲያ የልደት ደስታ ምኑ ላይ ነው? ብዙዎቻችን ከሞላ ቤትና ከሞላ ማዕድ ጋር አያይዘነዋል። መጀመሪያ የተደሰቱት ግን ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ ያደሩ እረኞች ናቸው። ሕፃኑን አይተው የተመለሱትም ወደዚያው ኑሯቸው ነው። ሮማውያን አገር ለቀው አልወጡም፣ ግብሩ አልቀረም፣ ሄሮድስም ከዙፋኑ አልወረደም። እኛ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን እንቆጥራለን፤ ሕፃኑ ግን አድጎ በዮርዳኖስ እስኪጠመቅ 30 ዓመት አልፏል። የካቲት 8 የምናስበው አረጋዊው ስምዖንም የ40 ቀን ሕፃን ታቅፎ አሁንስ ልሂድ አለ። ሁሉም ደስ ያላቸው ችግራቸው ስላለቀ ሳይሆን እግዚአብሔር የተናገረውን መፈጸም እንደጀመረ ስላዩ ነው።

የሚጾሙት ጾምም ይህንኑ ያስተምራል። ከኅዳር 15 ጀምረን የነቢያቱን ናፍቆት እንጋራለን። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ፤ በመጀመሪያው ይመጣል የተባለው ትንቢት ይሰበካል፣ በሁለተኛው ብርሃን ይለመናል፣ በሦስተኛው የባዘኑትን የሚሰበስብ እረኛ ይናፈቃል። በኖላዊ እሑድ ቆመው ስለ ልጅዎ ቢያለቅሱ የዕለቱን ጸሎት ጸለዩ እንጂ ግብዝ አልሆኑም።

«እስከ መቼ?» ላሉኝ ቀን አልቆርጥልዎትም፤ ይመጣል ብዬም በእግዚአብሔር ስም ቃል አልገባም። ቀን ቆርጦ፣ በዚያም ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ «ነቢይ» ቢመጣብዎት ያሰናብቱት። የአገርዎን የጅሩን ገበሬ ይመልከቱ፤ ዋልካው ላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይጥልም መሬቱ በያዘው እርጥበት በቅሎ ያፈራል። የክርስቲያን ተስፋም ዛሬ ከሚታየው ይልቅ አስቀድሞ በተሰጠው ላይ ይቆማል። የተሰጠንም በግርግም የተኛው ሕፃን ነው፤ ልጅዎ ያለበትን እርስዎ ባያውቁትም እሱ ያውቀዋል።

መታገሥ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ዮሴፍ በሕልም እንደተነገረው በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ግብፅ ወርዷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን በነፃ ያፈላልጋል፤ የልጅዎን ሙሉ ስም፣ የወጣበትን ጊዜና መጨረሻ የደወለበትን ቦታ አስጽፈው ያመልክቱ። የክርስትና ስሙንም ለንስሐ አባትዎ ሰጥተው በጸሎት ያሳስቡት። የገና ሌሊት ማኅሌት ሲቆም ፊትዎ እንደሆነ ሆኖ ይሂዱ፤ እንባም ቢመጣ ይምጣ። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ግን ቤትዎን ዘግተው አይቀመጡ፤ ጾሙን ከሰው ጋር ይፍቱ።

ጎረቤቶቿም ይህን ካነበባችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ይዛችኋት ግቡ፤ የልጇንም ስም ጠርታችሁ ጠይቋት። በምሥራች ስም ሐዘንተኛን ዝም ማሰኘት በልደት ወንጌል ውስጥ የለም።