«ፋይንድ አውት» እና «ዲስከቨር»፦ ሐረጋዊ ግሥ የነጠላ ግሥ ተለዋጭ ነውን?

የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሥ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ከነጠላ ግሥ ጋር ተጣምሮ በሠንጠረዥ ነው፤ «ፑት ኦፍ» ከ«ፖስትፖን»፣ «ፋይንድ አውት» ከ«ዲስከቨር» ትይዩ ይቀመጣሉ። ተከትሎ የሚሰጠው ማብራሪያም ሐረጋዊው የዕለት ተዕለት ንግግር፣ ከላቲን ወይም ከፈረንሳይኛ የተወረሰው ነጠላ ግሥ ደግሞ የመደበኛ ጽሑፍ ቃል ነው የሚል ነው። ይህ ሐሰት ባይሆንም ጥንዶቹ በትርጉም አንድ ናቸው የሚል ግምት ያሳድራል። በዚህ ግምት የተመራ ተማሪ ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ነገር ግን እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው የማይለውን ዐረፍተ ነገር ይጽፋል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ማግኘቱ የሚገለጸው በ«ዲስከቨር» ነው፤ በቦታው «ፋይንድ አውት» ቢገባ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። የ«ፋይንድ አውት» ተሳቢ ቁስ ሳይሆን መረጃ ነውና፦ ባቡሩ የሚነሣበት ሰዓት፣ የወሬው እውነትነት፣ የደብዳቤው ጸሓፊ ማንነት። (ተሳቢው ሰው ሲሆን ደግሞ ትርጉሙ ጭራሽ ይለወጣል፤ የሰውየው ጥፋት ተደረሰበት ማለት ይሆናል።) ሁለቱ የሚገናኙት «ጓደኛው እንደ ዋሸው ደረሰበት» በሚል ዓይነት አገባብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «ፑት ኦፍ»ም እንዲሁ ነው፤ ስብሰባን ማስተላለፍን ከ«ፖስትፖን» ጋር ቢጋራም፣ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድን ዛሬ ነገ እያሉ መጎተትን ሲገልጽ የፍላጎት ማጣት ስሜት አለው።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሥሩ ሳይለወጥ ተቀጥላው ብቻ የሚጨመርበት ነው። «ኢት» መብላት ነው፤ «ኢት አፕ» ሳያስተርፉ መብላት። «ለአንድ ሰዓት ያህል» የሚለው የጊዜ መግለጫ ከመጀመሪያው ጋር ይስማማል፣ ከሁለተኛው ጋር አይስማማም፤ ድርጊቱ ፍጻሜ አለውና። አማርኛ ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል፦ «በላ» እና «ጥርግ አድርጎ በላ»፣ «ጠጣ» እና «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ»። መምህሩ ከሠንጠረዡ ይልቅ ከዚህ ቢነሣ ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ይጀምራል። ሆኖም ንጽጽሩ ወሰን አለው። አማርኛ ለመብላት «ጥርግ»ን፣ ለመጠጣት «ጭልጥ»ን ሲመርጥ እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንዱን «አፕ» ይጠቀማል። ደግሞም «አፕ» ባለበት ሁሉ ፍጻሜ አለ ማለት አይደለም፤ ቃልን ከመዝገበ ቃላት መፈለግን በሚያመለክተው «ሉክ አፕ» ውስጥ ይህ ትርጉም የለም።