ሥዕሉ ለምን ደበዘዘ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ጠቁሮ፣ የእመቤታችንም ሰማያዊ ልብስ ደብዝዞ አይታችሁ ይሆናል። ለምን እንዲህ ሆነ?

መጀመሪያ ጧፍን እንመልከት። ጧፍ ሲበራ ሰሙ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል። ይህ አካላዊ ለውጥ ነው። በክሩ ጫፍ የነደደው ሰም ግን አይመለስም፤ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኗል። ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል። በደንብ ያልነደደው ጥላሸት ሆኖ ይወጣና ከዕጣኑ ጢስ ጋር ሥዕሉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የፈረሱ ነጭ ቀለም ከጥላሸቱ ሥር ገና ሊኖር ይችላል።

የሰማያዊው ነገር ግን ሌላ ነው። ኢንዲጎ የሚባለው ከዕፅዋት የሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ብርሃን ሲበዛበት ይፈርሳል። ከአርሴኒክና ከድኝ የሆነው ኦርፒመንት የተባለ ቢጫም በብርሃን ብዛት ይነጣል። ከቀይ አፈር የተሠራው ቀለም ግን ጠንካራ ነው። ቀይ ያደረገው ቀድሞውኑ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብረት ስለሆነ ብርሃን ብዙም አይለውጠውም።

የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለምስ ከምን ይሠራል? ከጥላሸት! ሥዕሉን ያጠቆረው ጥላሸት ለመጽሐፉ ጽሕፈት ዕድሜ ይሰጣል፤ ካርቦን በብርሃን አይደበዝዝምና። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ ተገምቷል። ሥዕሎቻቸው እስከ ዛሬ ደማቅ ናቸው፤ የተዘጋ መጽሐፍ ብርሃን አይገባውምና።

አንዳንድ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን አስበው አሮጌውን ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ ያጥባሉ፤ ወይም በላዩ አዲስ የዘይት ቀለም ይቀባሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ ሥራው ግን ከጢሱ ይልቅ ይጎዳል። ብዙዎቹ የጥንት ቀለሞች ከእንስሳ ቆዳ ተፈልቶ በወጣ ሙጫ ስለተለወሱ በውኃ ይለቃሉ። የደበዘዘውን ፊት ባለሙያ ሊያድነው ይችላል፤ ታጥቦ የሄደውን ግን ማንም አይመልሰውም።

«ታዲያ ሥዕሉ ሲጠፋ ቅዱሱ ይለየናል?» ትሉ ይሆናል። አይለየንም። ቅዱስ ባስልዮስ እንዳስተማረው ለሥዕሉ የሚቀርበው ክብር የሚያልፈው ወደ ባለ ሥዕሉ ነው። ቀለም አፈርና ቅጠል ነውና ያረጃል፤ ባለ ሥዕሉ ግን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው ነው። እንዲህም ሆኖ አባቶቻችን ሥዕሉን በመጋረጃ ይሸፍኑታል። መጋረጃው ለክብር ነው፤ ደግሞም ብርሃንን ይከለክላል።

መልመጃ
1. የሰም መቅለጥና የሰም መንደድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16-18ን ከመምህራችሁ ጋር አንብቡ።
3. ባለ ቀለም ወረቀት ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ አኑሩ። ከአንድ ወር በኋላ ገልጣችሁ ያያችሁትን በደብተራችሁ ጻፉ።