ሲቪዎ ከቆቦ ሲነሳ፦ ለውጭ አገር የሙያ ሥራ የሚላክ ማመልከቻ አዘገጃጀት

«የመስኖ ባለሙያ፣ 6 ዓመት።» አንድ የቆቦ ሰው ሲቪ ላይ ያነበብኩት የሥራ ልምድ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ከሱ በላይ ያለውን ግማሽ ገጽ የትውልድ ቀን፣ ቁመት፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና የቤት ቁጥር ሞልተውታል። ሰውየውን ጠጋ ብዬ ስለ ሥራው ሳስወራው ግን ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ደጋ በደረቁ ወንዝ የሚወርደውን ጎርፍ ከገበሬው ጋር እየጠለፈ፣ በቦይ እያከፋፈለ ማሽላ ሲያጠጣ የኖረ ነው። ይህ ጠለፋ በውጭው ዓለም «ስፔት ኢሪጌሽን» የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የመንና ፓኪስታን፣ ጎረቤታችን ኤርትራም በዚሁ ያርሳሉ። «መስኖ» ብሎ የጻፈ አመልካች ከብዙ ሺህ አንዱ ነው፤ «ስፔት ኢሪጌሽን» ብሎ የጻፈ ግን በጣት ከሚቆጠሩት መሀል ይገባል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ደብተር ያውጡ። በየሥራ ቦታዎ ምን ችግር እንደነበረ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ፣ በስንት ሄክታር፣ በስንት ሰው፣ በምን መሣሪያ እንደሆነ በአማርኛ ይዘርዝሩ። እንግሊዝኛው በኋላ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ከጀመሩ ከጓደኛ ሲቪ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር ነው የሚወጣዎት፤ «በቡድን መሥራት የሚችል፣ ታታሪ» የሚለው ለማንም ስለሚሆን ስለ እርስዎ ምንም አይናገርም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የሙያውን ዓለም አቀፍ ስም ይፈልጉለት። ለምሳሌ በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የቆቦ ንዑስ ጣቢያ በማሽላ ላይ የሠራ ሰው «አረም ቁጥጥር» ብሎ ቢጽፍ ራሱን ይጎዳል። የታገለውን አረም፣ አቀንጭራን፣ ዓለም «ስትራይጋ» ብሎ ያውቀዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና ይህንኑ አረም በሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውሃና የጠብታ መስኖ ላይ የሠራም እንዲሁ፤ «ፓምፕ ኦፕሬሽን» እና «ድሪፕ ኢሪጌሽን» የሚሉትን ቃላት ካልጻፈ፣ ማመልከቻ የሚያጣራው ሶፍትዌር ሰው ሳያየው ሊጥለው ይችላል። የሥራ ማስታወቂያውን ቃላት አይተው፣ በእውነት የሠሩትን በእነዚያው ቃላት ይጥሩት።

መለኪያውንም ይመንዝሩ። ጥማድ ወደ ሄክታር፣ ኩንታል ወደ ቶን ይቀየር፤ አሥር ኩንታል አንድ ቶን ነው። ነርስ ከሆኑ «በእናቶች ክፍል ሠርቻለሁ» አይበቃም፤ የክፍሉን የአልጋ ብዛት፣ በአንድ ፈረቃ የሚይዟቸውን ታካሚዎች ቁጥር ይጻፉ። የመሥሪያ ቤት ምኅፃረ ቃልም ሳይዘረዝሩ አይተዉ፤ እኛ የለመድነውን ሪያድ ያለ ሰው አያውቀውም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰናከልበት ቦታ ደረስን፤ ዘመን አቆጣጠር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። በሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው የተመረቀው ጁላይ 2018 ነው። በጥቅምት 2011 ከተቀጠረም ኦክቶበር 2018 ነው። ለሁለቱም 8 የደመረ ሰው ቅጥሩን 2019 ያደርገውና ሳይኖር አንድ ዓመት ሥራ ፈት ይመስላል። ነገሩ ከመልክ ያልፋል። ለሳዑዲና ለኤምሬትስ የጤና ሙያ ፈቃድ ሲጠየቅ «ዳታፍሎው» የሚባለው ድርጅት ዲግሪውንም የሥራ ልምዱንም ከሰጪው ተቋም ራሱ ያጣራል። ደብዳቤው አንድ ዓመት፣ ሲቪው ሌላ ዓመት ካሉ ፋይሉ ይቆማል። የፈጠራ ልምድ ከሆነማ የሙያ ፈቃዱን እስከ ወዲያኛው ሊያሳጣ ይችላል።

ስምም እንደዚሁ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን ይጠይቃል። መልሱ ፓስፖርትዎ ላይ ነው። ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እዚያ መጀመሪያ የተጻፈው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሯልና እርስዎም እንደዚያው ይሙሉ። «ቀ» ዲግሪው ላይ በ«ኬ»፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ኪው» ተጽፎ ከሆነ ሲቪው ፓስፖርቱን ይከተል። ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤም ከሬጅስትራር አስቀድመው ያስጽፉ።

የሲቪው ቅርጽ እንደሚላክበት አገር ነው። ለእንግሊዝ፣ ለካናዳና ለአሜሪካ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖትና ጋብቻ አይጻፍም፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ፎቶና ዜግነት ማየት ለምደዋል። ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች «ዩሮፓስ» የሚባል ነጻ ቅጽ በኢንተርኔት አለ። ርዝመቱ ሁለት ገጽ ይበቃል። የመጨረሻው ሥራ መጀመሪያ ይምጣ፤ አጠቃላይ ነጥብዎን «ከ4.00» ብለው ይጻፉ። «ከላይ የሰፈረው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው የፊርማ ቦታ ይቅር። ቁመትዎንም ማንም አልጠየቀዎትም።

ስለ ክፍተት አንድ ነገር ልበል፤ ቆቦ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ባለው የጦርነት ጊዜ ሥራው የቆመበት፣ ከቤቱ የወጣ፣ ሰነዱ የጠፋበት ብዙ ነው። በነሐሴ 2014 ደግሞ እንደገና። ያንን ጊዜ በሐሰት ቅጥር አይሸፍኑት፤ ረጅም ታሪክም አያድርጉት። «የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በጦርነት ምክንያት ተቋርጦ ነበር» የሚል አንድ መስመር ከነወሩ ይበቃል። በዚያ ጊዜ በተፈናቃዮች ጣቢያ ያገለገለ ደግሞ ያንን እንደ ሥራ ይጻፈው፤ ሥራ ነውና።

የጠፋ ሰነድ ካለ ከማመልከትዎ በፊት ምትኩን ማውጣት ይጀምሩ። ቴምፖራሪ ብቻ ከያዙ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳው መከፈል አለበት። ለግል ድርጅት የሠሩ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤው የሥራውን ዓይነት፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን መያዙን እዚያው ቆመው ያንብቡ። ምስክር አድርገው የሚጠቅሱት አለቃም ስልክ የሚያነሳ፣ ኢሜይል የሚመልስ ይሁን። አስቀድመውም ያስፈቅዱት።

ነርሶችና ሐኪሞች ይህን ይወቁ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ባለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ከነዚህ አገሮች ሰው መመልመልን አይፈቅድም፤ ባለሙያው ራሱ በቀጥታ ቢያመለክት ግን አይከለከልም። እናም «ለእንግሊዝ ነርስ እንመለምላለን» ብሎ ቆቦ ድረስ የመጣ ሰው ገንዘብ ከጠየቀዎት አይስጡት። በኛም አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው።

ሲቪውን በፒዲኤፍ፣ ፋይሉን በስምዎ ሰይመው ይላኩ። ስልክዎ በ+251 ይጀምር። ኢሜይልዎ ስምዎን የያዘ ይሁን፤ በጉርምስና የተከፈተው የቅጽል ስም አድራሻ ይቅርብዎ። ከላኩ በኋላ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ቦታ በየቀኑ ኢሜይልዎን ይክፈቱ። ጥሪው ሲመጣ ሰዓቱን ያጢኑ። ሪያድ ከኛ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። በሪያድ ሰዓት 9:00 ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስልኩን የከፈተ ሰው ማንንም አያገኝም።