ብሩህ ኮከብ በታየ ጊዜ

ከማኅሌት ወጥተን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስንቆም፤ «አባታችን፤ ያ በምሥራቅ የሚያበራው ምንድር ነው? ምልክት ይሆን?» ብለው የሚጠይቁን ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ሳንመረምር የመለስን እንደ ሆነ ወይ ሕዝቡን በከንቱ እናስደነግጣለን፤ ወይም በየጊዜው የሚወጣውን ፍጥረት ተአምር ነው ብለን ኋላ እናፍራለን።

ከጨረቃ ቀጥሎ በሌሊት ከሁሉ ይልቅ የምታበራው ዝሁራ ናት፤ ፈረንጆች ቬኑስ ይሏታል። ከንጋት በፊት ስትወጣ ኮከበ ጽባሕ ወይም አጥቢያ ኮከብ እንላታለን፤ ማታ በምዕራብ ስትታይ ግን ሌላ ኮከብ የምትመስላቸው አሉ። ሁለቱ አንዲት ናት። መንገዷ ከምድር መንገድ ይልቅ ለፀሓይ የቀረበ ስለ ሆነ፤ ለዓይናችን ከፀሓይ ብዙ አትርቅም፤ ወይ ፀሓይን ተከትላ ትጠልቃለች፤ ወይ ፀሓይን ቀድማ ትወጣለች። ስለዚህ በአገራችን ሰማይ በመንፈቀ ሌሊት ከቶ አትገኝም። ይህ ዙር 584 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከማታ ወደ ንጋት ስታልፍም ጥቂት ቀን ትሠወራለች፤ «ኮከቡ ጠፋ» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲያስ በመንፈቀ ሌሊት ከራስ በላይ ደምቆ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ መሽተሪ፤ ማለት ጁፒተር ነው። መሪኅ ቀላ ይላል፤ ዙሐል ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው። የእነዚህ ብርሃን የረጋ ነው፤ የሌሎች ከዋክብት ግን ይርገበገባል። ባሕረ ሐሳባችን የሚቈጠረው በፀሓይና በጨረቃ ስለ ሆነ የእነዚህን ጉዞ የሚከታተል ተማሪ ጥቂት ነው፤ ስሕተቱን ያበዛውም ይህ ይመስለናል።

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ መሽተሪና ዙሐል በምዕራብ ተቀራርበው አንድ ኮከብ መስለው ታዩ፤ በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ነበር። እንዲህ ከተቀራረቡ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1623 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዓለ ልደት ቀርቦ ነበርና በብዙ አገር የቤተ ልሔም ኮከብ ተባለ። ነገር ግን ሁለቱ በየ20 ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜም ዙሐል ከመሽተሪ እጥፍ ያህል ርቆ በስተኋላው ነበር። ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ሕፃኑ ካለበት ላይ እንደ ቆመ ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፏል፤ የ2013ቱ ግን ምሽቱን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጠለቀ።

በዘመናችን ደግሞ ሰው የሠራቸው ሳተላይቶች ተጨምረዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተላኩት፤ ስታርሊንክ የሚባሉት፤ እንደ ዶቃ ተሰልፈው ሲያልፉ ያየ ሰው ቢደነግጥ አንፈርድበትም። የሚጠራጠር ሰው ብርሃኑን ከጉልላቱ መስቀል ትይዩ አድርጎ ይጠብቅ፤ ሳተላይት በጥቂት ደቂቃ ሰማዩን አቋርጦ ያልፋል፤ ወይም የምድር ጥላ ሲሸፍነው በመካከል ይጠፋል። ዝሁራና መሽተሪ ግን ከመስቀሉ ፈቀቅ የሚሉት ቀስ ብለው፤ ከሰማዩ ሁሉ ጋራ ነው።