የተሰፋ ጅማትና የክራር ልምምድ

ለምክር አምዱ የቀረበው ጥያቄ አንድ የክራር ተጫዋች የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት ጅማት ተቆርጦ በቀዶ ጥገና ከተሰፋ በኋላ፣ በዓመታት ያዳበሩት ችሎታ እንዳይጠፋ በቀሩት ጤነኛ ጣቶች መለማመድ ይችሉ እንደሆነ የሚመለከት ነው። ጠያቂው በአዲስ አበባ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ማታ ማታ የሚጫወቱ ሲሆኑ፣ በተሰበረ ብርጭቆ ከተጎዱ አምስት ሳምንት እንደሞላቸውና እጃቸው እስካሁን በመደገፊያ እንደታሰረ ገልጸዋል። የቤቱ ባለቤት መቼ እንደሚመለሱ ደጋግመው እንደሚጠይቋቸው፣ እናታቸው ደግሞ የደረቀው ጣት እንዲፍታታ ወጌሻ ዘንድ እንዲሄዱ እንደሚመክሯቸውም ጽፈዋል። ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ በገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ሌሊት መደገፊያውን ፈትተው ክራሩን እንደሞከሩና ምንም እንዳልተሰማቸው ይናገራሉ፤ ከሁሉ አስቀድሞ መልስ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሕመም አለመሰማቱ ጅማቱ ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ አካል ሲሆን፣ ጣትን የሚያጥፉት ዋና ዋና ጡንቻዎች የሚገኙት በጣቱ ውስጥ ሳይሆን በክንድ ላይ በመሆኑ፣ ጉልበታቸው ወደ ጣት የሚደርሰው በእጅ አንጓና በመዳፍ በኩል በሚያልፉ ረጃጅም ጅማቶች አማካይነት ነው። የተቆረጠ ጅማት ሲሰፋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ የሚያቆየው በአመዛኙ የሐኪሙ ክር ነው፤ ጅማቱ ራሱ የሚበረታው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ ለከባድ ሥራ የሚበቃውም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቁስሉ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። በዚህ መሐል ባለው ጊዜ ሕመምተኛው የዳነ እየመሰለው እጁን ሲያዝበት ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል፤ የተበጠሰ እንደሆነም ዋናው ምልክት ሁልጊዜ ሕመም ሳይሆን፣ እስከ ትናንት ይታጠፍ የነበረው ጣት ዛሬ አልታጠፍ ማለቱ ነው። ስለዚህ ጠያቂው የሁለቱን ሌሊት ጉዳይ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለቀዶ ሐኪማቸው ወይም ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያቸው መንገር ይኖርባቸዋል፤ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም፣ የሚያስቸግራቸው መደበቁ ነው።

በቀሩት ጣቶች መለማመድ የሚለው ሐሳብ ላይ ላዩን ሲታይ ምክንያታዊ ቢመስልም ከእጅ አፈጣጠር ጋር አይስማማም። ከአውራ ጣት በስተቀር እያንዳንዱ ጣት ሁለት አጣፊ ጅማቶች ያሉት ሲሆን፣ ላይኛው የጣቱን መካከለኛ መገጣጠሚያ ያጥፋል፣ ጥልቁ ደግሞ እስከ ጣቱ ጫፍ ይዘልቃል። የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣት ጥልቅ ጅማቶች በአንድ የጋራ ጡንቻ የሚሳቡ በመሆናቸው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌሎቹን ይጎትታል፤ ይህንንም ማንም ሰው ሌሎች ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ በመያዝ የቀለበት ጣቱን ጫፍ ብቻ ለማጠፍ ቢሞክር ያረጋግጠዋል (ጠያቂው መሞከር ካማራቸው በቀኝ እጃቸው ይሁን)። የክራር አጨዋወትም ከዚህ አያስመልጥም። ድርድር በሚባለው ስልት የግራ እጅ ጣቶች አውታሮቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ስለሚያሰሙ የሚሠሩት በማጠፍ ጉልበት ነው። ግርፍ በሚባለው ስልት ደግሞ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በአንድነት ሲመታ፣ የግራ ጣቶች ከጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን አውታሮች አፍነው ይይዛሉ፣ የሚፈለገውን አውታር ጣት በማንሣት ይለቁታል። ግርፍ ለግራ እጅ ቀላል ነውና አይጎዳም ማለት አይቻልም፤ መደገፊያው አንጓንና ጣቶችን ጎበጥ አድርጎ ከጀርባ የሚያግደው፣ ጣት ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የተሰፋው ጅማት ስለሚወጠር ነው።

የእናታቸው ምክር ከፍቅር የመነጨና ለወጌሻ በሕዝቡ ዘንድ ካለው አክብሮት ጋር የሚሄድ ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዳት አይሆንም። ጣቱ የደረቀው ጠባሳው ጅማቱን ከሚንሸራተትበት ሽፋን ጋር ስላጣበቀው ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ባለሙያው በልክ የሚያዘው እንቅስቃሴ እንጂ በኃይል ማሸትና መሳብ አይደለም። ጠያቂው ከእናታቸው ጋር ከመከራከር ይልቅ በሚቀጥለው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አብረዋቸው እንዲሄዱ ቢጋብዟቸው ይሻላል፤ የልጃቸው ጣት እንዴትና እስከ የት እንደሚንቀሳቀስ በዓይናቸው ያዩ እናት ወጌሻ ፍለጋ አይወጡም።

ይህ ሁሉ ግን ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይክረም ማለት አይደለም። ቀኝ እጅ ነጻ ነው፤ ብዙ ተጫዋቾችም በግራ ጣቶቻቸው ፍጥነት ተጠምደው የቀኝ እጃቸውን ምት ችላ ስለሚሉ፣ ይህ ወቅት ያንን ለማረም ይመቻል። ክራሩ የግራ ክንድ ሳይሸከመው በወንበር ላይ ከተደገፈ፣ በአውታሮቹ መካከልም ድምፁን የሚያፍን ጨርቅ ከተሸጎጠ፣ የችክችካን ምት በዝግታ ጀምሮ ሳይጣደፉና ሳይዘገዩ ማስኬድ ይቻላል። ሁለተኛው የሥራ መስክ ጆሮ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የተዋቀሩ ሲሆኑ አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ አምስቱን ድምፆች ያለ ክራር በአንደበት ማውጣት የሚችል ተጫዋች በመድረክ ላይ የላላ አውታር ቶሎ አይሸውደውም። ባህላዊው ክራር የሚቃኘው አውታሩ በተጠመጠመበት ቀንበር ላይ በጉልበት በማጥበቅ በመሆኑ፣ ለጊዜው ሌላ ሰው ያጥብቅላቸው፣ እርሳቸው በጆሯቸው ይምሩ። ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ የሚታወሱት በክራራቸው ብቻ ሳይሆን አብሮት በሚሄደው ድምፃቸውም ጭምር መሆኑ፣ እስካሁን በማጀብ ብቻ ተወስነው ለቆዩት ለእኚህ ሰው ሌላ በር ያመለክታል።

የግራ እጅ ዜማም ሳይነኩት ሊጠና ይችላል። የነርቭ ሐኪሙ አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ለፒያኖ አዲስ የሆኑ ሰዎች አንድ የአምስት ጣት መልመጃ ለአምስት ቀናት በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ሲያጠኑ፣ ከፊሎቹ በእጃቸው ተጫወቱት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ደገሙት። በሐሳብ የተለማመዱት በአጨዋወት ቢያንሱም ጣትን በሚያዘው የአንጎል ክፍላቸው ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ታየ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት በእጃቸው ሲለማመዱ የቀደሟቸውን ደረሱባቸው። ጠያቂውም የራሳቸውን ቅጂ እያዳመጡ የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደሚለቅ በዝግታ ሊከተሉ ይችላሉ፤ በመደገፊያው ውስጥ ያሉት ጣቶች ሳይታወቃቸው አብረው እንዳይጫኑ ግን ይጠንቀቁ።

አንድ ወዳጃቸው ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰላቸው ጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ሬይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1928 በእሳት አደጋ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ተጎድቶ በቀሩት ሁለት ጣቶች አዲስ ስልት መፍጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ጣቶች የተጎዱት ለዘለቄታው ነበር፣ የጠያቂው ጣት ግን ጊዜ ከተሰጠው የመመለስ ዕድል አለው። ሁለቱን ማነጻጸር አያስኬድም።

ባለሙያው ሲፈቅድ መመለሱ በግርፍ ተጀምሮ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ በማግሥቱ ጠዋት ጣቱ አብጦ ወይም ይበልጥ ደርቆ እንደሆነ እየታየ ይቀጥላል፤ ድርድር የመጨረሻው ይሆናል። ለቤቱ ባለቤት የሚሰጠው መልስ «በቅርቡ» የሚል ሊሆን አይገባም፤ የሐኪሙን ግምት ነግረው፣ እስከዚያ የሚተካቸውን ሰው ራሳቸው ቢያቀርቡና ከእርሱ ጋር በድምፅ ለመሥራት ቢጠይቁ ቦታቸውን የማቆየት ዕድላቸው ይሰፋል። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የሠርግ ወቅት ግን ክራር ይዘው ለመቅረብ ከማንም ጋር አይዋዋሉ።