ቮልስ ሲገዛ ከቀለሙ በፊት ፊውዙ ይታይ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ አርጅታ የማትናቅ መኪና ብትኖር ቮልስ ናት። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ላይ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርቷል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የለም። በአገር ውስጥም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። አቅርቦት ሲዘጋ ፈላጊ ካለ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለነጋዴ አይነገርም።

ጥያቄው ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ለገበያ የምትቀርብ ቮልስ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሟ አዲስ ነው፤ ወንበሯ ተለብዷል፤ ኒኬሏ ያብረቀርቃል። ከክሩስኮቱ ሥር የተጠቀለለው ሽቦ ግን ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሞላው ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያነሳው ይህንኑ ነው፤ በአሮጌ መኪና ገበያ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው አያውቅም። በኋላ ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራበት ይህ ሐሳብ ለመርካቶ ደላላ እንግዳ ባይሆንም፣ ወደ ሽቦ ሲመጣ ሻጩ ራሱም አለማወቁ ነገሩን ያከፋዋል።

የቮልስ የፊውዝ ሳጥን እንደ ዓመተ ምርቷ 8፣ 10 ወይም 12 ፊውዝ ይይዛል። ፊውዞቹ ሁለት ጫፋቸው የሾለ ትንንሽ ዘንጎች ናቸው፤ ነጩ 8 አምፒር፣ ቀዩ 16 አምፒር ይሸከማል። በቦታቸው የሚይዛቸው የቆርቆሮ ምላስ ግፊት ብቻ ነው። ምላሱ ሲላላና ሲዝግ ችግሩ ይጀምራል። ብዙ ሰው ፊውዝ ካልተቃጠለ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ያምናል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ለሁለቱ የፊት መብራቶች የሚሄደው 7 ነጥብ 5 አምፒር፣ የ0 ነጥብ 2 ኦም እንቅፋት ባለበት አንድ የዛገ መገናኛ ቢያልፍ 1 ነጥብ 5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 11 ዋት ያህል ሙቀትም ይፈጠራል። ፊውዙ አይቆረጥም፤ ምክንያቱም ያለፈው አምፒር ከልኩ አልበለጠም። መብራቱ ይደክማል፤ ፕላስቲኩ ቀስ እያለ ይቀልጣል።

ባለቤቱ የመብራቱን መድከም አይቶ 100 ዋት አምፖል ሲያስገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሁለቱ አምፖሎች ከ16 አምፒር በላይ ይስባሉ፤ የቀድሞዎቹ 45 ዋት አምፖሎች ከሚስቡት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ፊውዙ ሲቆረጥ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ ይጠቀለልና ጉዞ ይቀጥላል። ፊውዝ የተሠራው ሬዲዮኑን ወይም አምፖሉን ሊያድን አይደለም፤ ሽቦውን ሊያድን ነው። እሱ ሲታለፍ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከክሩስኮቱ ወዲያ ማዶ እንደሆነ ሲታሰብ ኮንታክት የሚፈጠርበት ቦታ ክፉ ነው።

ገዢ ከመዋዋሉ በፊት ግማሽ ሰዓት ቢያጠፋ ብዙ ያያል። የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን ከፍቶ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ቦታ መፈለግ፣ በናስትሮ የተጠቀለሉ ቅጥያዎችን መቁጠር፣ ከቁልፉ በቀጥታ የተጠለፈ የቴፕ ወይም የክላክስ ሽቦ መኖሩን ማየት ነው። የጀርመን ሽቦ ቀለም ይናገራል፤ ቀይ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት፣ ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ፣ ቡናማ ደግሞ ማሳ ነው። ነጭ ለረጅም፣ ቢጫ ለአጭር መብራት ነው። በዚህ መሐል ሰማያዊና አረንጓዴ የቤት ሽቦ ከታየ አንድ ሰው ሥራውን በችኮላ እንደጨረሰ ይታወቃል። የኋላ ወንበሩንም ማንሳት አይዘነጋ፤ ባትሪው እዚያ ሥር ነው። ክዳን ከሌለው የወንበሩ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የቀድሞዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ ወደ አሜሪካ የሚላኩት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ሆነዋል። 6 ቮልቱን ወደ 12 ለመለወጥ የሚፈልግ ሰው አምፖሎቹን፣ ኮይሉን፣ ዲናሞውን ከነሬጉሌተሩ፣ የፍሬቻውን ሪሌና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ማስቀየር ይኖርበታል። ሽቦው ግን ጤነኛ ከሆነ ለ6 ቮልት ተብሎ የወፈረ ስለሆነ 12ን ያለ ችግር ይሸከማል። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ላላስፈለገ ሽቦ ሊከፍል ይችላል።

ሥራውን ለኤሌክትሪሽያን የሚሰጥ ባለንብረት ሁሉንም ሽቦ በአንድ ቀን ከመበተን ይልቅ አንድ መስመር ተጨርሶ ወደ ሌላው እንዲታለፍ ቢያዝዝ ይሻለዋል። የባትሪው ማሳ ይነቀላል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ከመነሳቱ በፊት ምልክት ይደረግበታል፤ ፎቶ ይነሳል። አዲሱ ሳጥን ዛሬ በየመኪናው ያለው ጠፍጣፋ ፊውዝ የሚገባበት ቢሆን ይመረጣል፤ አያያዙ ጠንካራ ነው፤ 10 አምፒሩ ቀይ፣ 15ቱ ሰማያዊ፣ 20ው ቢጫ በመሆኑም ለመለየት አያስቸግርም። የፊውዙ ልክ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት ነው እንጂ ሱቁ ውስጥ በተገኘው አይደለም። ለፊት መብራት ሪሌ ቢገባ ከባዱ አምፒር በማብሪያው ውስጥ ማለፉ ይቀራል። በፋብሪካው አሠራር ከባትሪው ወደ ፊት የሚሄደው ዋናው ቀይ ሽቦ ፊውዝ የለውም፤ ባትሪው አጠገብ አንድ ዋና ፊውዝ ማስገባት ወጪው ትንሽ ነው። ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። ሽቦ ብረት ሰንጥቆ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ ይደረጋል፤ የማሳ ቦታዎች ቀለማቸው ተፍቆ ብረት ከብረት ይገናኛል። ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ቀለሙ አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ፍሬቻ የሚያስቸግረውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሳቢያ ነው።

የተነሳው ሳጥን አይጣል። እንደ ፋብሪካው ሥሪት የምትፈልጋት ገዢ ሲመጣ በፌስታል አብሮ መሰጠቱ ዋጋ አለው።

ርክክብ ላይ ሞተሩ ሳይነሳ የፊት መብራት በርቶ በቴስተር ሁለት ቦታ ይለካ፤ አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ አምፖሉ ጫፍ ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ ቀሪው ክፍያ ይቆይ፤ ሥራው አላለቀም።